ወርቅማ ቀለም ለምን ጭቃ ይመስላል?

(ለዕደ ጥበብ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ። የዛሬውን ነገር ከሩቅ ሆኖ ማየት አይቻልም። ጠረጴዛውን ክበቡት፤ ችግር የለውም።

እነዚህን ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ተመልከቱልኝ። ሁለቱም የተቀቡት ከአንድ ጣሳ በወጣ ወርቅማ ቀለም ነው። ብሩሹም አንድ ነው። የቀባቸውም ሰው አንድ ነው። ይኸኛው መብራት ሲያርፍበት ከብረት የተሠራ ይመስላል። ያኛውስ? «ጭቃ!» ያለው ማን ነው? ልክ ነህ። ቢጫ ጭቃ ነው የሚመስለው።

የሜታሊክ ቀለም (ማለትም ብረት መሳይ ቀለም) ጣሳ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ሳጥን ይመስላል። ቤቱ ወስዶ የሚቀባው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው የሚያገኘው። ከዚያ ጥፋቱን ቀለሙ ላይ ይጥላል። «ርካሹን ስለገዛሁ ነው» ይላል። ሄዶ ውዱን ይገዛል። ውዱም ያው ጭቃ ይሆንበታል። እኔ ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ብልጭታውን በአብዛኛው የሚወስነው ጣሳው ከመከፈቱ በፊት ዕቃው ላይ የሠራችሁት ሥራና ብሩሹን የምታስኬዱበት መንገድ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተራ ቀለም ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ነው። ብርሃን ሲመታው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። ለዚህ ነው ቀይ ሣጥን ከየትም ብታዩት ቀይ የሚሆነው። ሜታሊክ ቀለም ውስጥ ያለው ስንጣሪ ነው። ጠፍጣፋና እጅግ ስስ ስንጣሪ። ስፋቱ ከ5 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። አንድ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ እሱን አስቡና ቅጥነቱን ገምቱ።

እያንዳንዱን ስንጣሪ ትንሽዬ መስታወት ነው በሉት። መስታወቶቹ ሁሉ ጎን ለጎን ተጋድመው ሲተኙ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሱታል። ዓይንም «ብረት ነው» ብሎ ያምናል። አንዱ ተኝቶ፣ አንዱ ዘምሞ፣ አንዱ በጠርዙ ቆሞ ከሆነ ግን ብርሃኑ ይበታተናል። የሚቀረው አመድማ ቢጫ ነው። ጭቃው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥሩውን ሳጥን ቀስ እያልኩ ላዘንብለው። ፊት ለፊት ስታዩት ያበራል። ዘወር ሳደርገው ይጨልማል። አያችሁት? አንዳንድ ሰው ይህንን ሲያይ «እኩል አልተቀባም» ብሎ ይደነግጣል። ተቀብቷል። ስንጣሪዎቹ በሥርዓት መተኛታቸው የሚታወቀው እንዲህ ሲያደርግ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ወደ ሥራው እንገባለን። ሄንሪ ቤሰመር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ስሙን የምታውቁ ካላችሁ ከአረብ ብረት ጋር ነው የምታውቁት። እ.ኤ.አ. በ1856 ጥሬ ብረትን በርካሽ ወደ አረብ ብረት የሚቀይር ዘዴ አስመዝግቧል። ለዚያ ሙከራ የሚሆን ገንዘብ ያገኘው ግን ከወርቅማ ዱቄት ነው። እውነቴን ነው! ነገሩን ያስጀመረችው እህቱ ናት። አበባ በውሃ ቀለም ትሥል ነበር። ሥዕሎቿን በአንድ መያዣ አሰባሰበችና ሽፋኑ ላይ ርዕስ እንዲጽፍላት ወንድሟን ጠየቀችው። እሱም ጽሑፉን በወርቅማ ዱቄት ላሳምረው አለና ሊገዛ ሄደ። ዋጋውን ሲሰማ ክው አለ። አንድ ኦውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ፣ ሰባት ሺሊንግ! ዱቄቱ ወርቅ የለበትም፤ ናስ ነው። ናስ ደግሞ ርካሽ ነው። ውድ ያደረገው የእጅ ሥራው ነበር። ያኔ ዱቄቱ ይመጣ የነበረው ከጀርመን፣ ከኑረንበርግ አካባቢ ነው። ናሱ እየተቀጠቀጠ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ከዚያ ይፈጫል።

ቤሰመር ይህንን በማሽን መሥራት ይቻላል ብሎ ተነሳ። ማሽን ሠራ፤ ናሱንም እየፋቀ ዱቄት አወጣ። ዱቄቱ ግን አላበራም። ደብዛዛ ሆነ። ተስፋ ቆርጦ ተወው። ቆይቶ ነው የራሱንና የጀርመኑን ዱቄት በማይክሮስኮፕ አጠገብ ለአጠገብ ያያቸው። የጀርመኑ ጠፍጣፋ ነው። የሱ ደግሞ የተጠቀለለ ነው። ብረቱ ያው ናስ፣ ደቃቅነቱም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ቅርጹ ብቻ ነበር። ከዚያ ስንጣሪውን የሚያሳሳና የሚያነጥፍ ማሽን ሠራና ለንደን ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ አላወጣም። ምክንያቱም ፓተንት ማውጣት ምስጢሩን ለሁሉም መግለጥ ነው። የሚስቱን ወንድሞች ቀጥሮ ማሽኖቹን በዝግ ቤት አሠራ። ምስጢሩም ለአሥርት ዓመታት ሳይወጣ ቆየ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ትልቁ የብረት ሰው የተያዘበት እንቆቅልሽና እዚህ ጭቃ ሳጥን ላይ ያለው እንቆቅልሽ አንድ ስለሆነ ነው።

አሁን ጠርሙሶቹን እንይ። ገበያ ላይ «ወርቅ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

አንደኛው የናስ ስንጣሪ ነው። መዳብና ዚንክ። ዚንኩ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ቢጫነቱ ይጎላል። 10 በመቶ ገደማ ከሆነ ወደ ቀይ ያደላል። ድምቀቱ ኃይለኛ ነው፤ እውነተኛ ብረት ስለሆነ። ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ብረት ስለሆነ አየርና እርጥበት ይለውጡታል። ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፤ አንዳንዴም አረንጓዴ ያወጣል። እጅ የሚበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ የሳጥን ክዳን ጫፍ፣ ቶሎ ይበላሻል። ላብ ለናስ ጠላቱ ነው።

ሁለተኛው አልሙኒየም ነው። ብርማ ቀለም በብዛት ከዚህ ይሠራል። አየር ላይ ብዙ አይለወጥም። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የአልሙኒየም ዱቄት ለብቻው ገዝታችሁ ውሃ ነክ ቀለም፣ ማለትም በውሃ የተበጠበጠ ቀለም፣ ውስጥ አትቀላቅሉ። በፋብሪካ ተቀላቅሎ የሚሸጠው ስንጣሪው አስቀድሞ ተሸፍኖ የታከመ ነው። ጥሬው ከውሃው ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት ዕቃው ይነፋል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ዱቄቱ አየር ላይ ከቦነነም በቀላሉ እሳት ይይዛል። በቃ፣ አትጫወቱበት።

ሦስተኛው ብረት አይደለም። ሚካ የሚባል ማዕድን ነው፤ በተፈጥሮው በስስ ንጣፍ የሚሰነጠቅ። ንጣፉ ላይ ስስ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሽፋን ይደረግበታል። ዕንቁማ የሚያደርገው እሱ ነው። የአይረን ኦክሳይድ ሽፋን ሲደረግበት ደግሞ ወርቅማ፣ ነሐስማና መዳብማ ይሆናል። ዛሬ ለዕደ ጥበብ ከሚሸጡት ውሃ ነክ አክሪሊኮች ብዙዎቹ በሚካ የተሠሩ ናቸው። ድምቀቱ ከናሱ ለስለስ ይላል። ግን አይጠቁርም። ስጦታ የምትሠሩ ከሆነ ወይም ዕቃው ለዓመታት የሚቀመጥ ከሆነ እኔ ሚካውን ነው የምመርጠው።

በምን እንለየው? ደህና የሆነ ቀለም ጀርባው ላይ የቀለሙ ኮድ ተጽፎበታል። ፒ ኤም 1 አልሙኒየም ነው። ፒ ኤም 2 የመዳብና የናስ ዱቄት ነው። ፒ ደብልዩ 20 ካለ ሚካ ነው። ኮድ ከሌለው ዋጋውን ሳይሆን ሽታውን አሽቱት። ኃይለኛ የማሟሟያ ሽታ ከሌለው ውሃ ነክ አክሪሊክ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ደግሞ ሚካ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እሺ። ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ይህ ያልተቀባ እንጨት ነው። ጣታችሁን አስኪዱበት። ለስላሳ ነው አይደል? እንደዚህ ሆኖ በነጭ ቀለም ብትቀቡት ማንም ምንም አያይበትም። በሜታሊክ ከቀባችሁት ግን የእንጨቱ ቃጫ፣ የመጋዙ ጭረት፣ የምስማሩ ጉድጓድ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ስንጣሪው የወለሉን ቅርጽ ተከትሎ ነው የሚተኛው። ወለሉ ጎርበጥባጣ ከሆነ ስንጣሪውም አብሮ ይንጋደዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። የእንጨቱን ቃጫ ተከትላችሁ፤ ወደ ጎን በፍጹም። ጉድጓዱን በስቱኮ ድፈኑና ሲደርቅ አስተካክሉት። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ አንድ እጅ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም። አሁን ተመልከቱ፤ ይህኛው ፕራይመር ተቀብቶ የደረቀ ነው። መልሳችሁ ዳስሱት። ሻከረ አይደል? ውሃ ነክ ፕራይመር ቃጫውን ያስነሳዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። «አንዴ ፍቄዋለሁ» ብሎ ያልፋል። በ400 ቁጥር ሳትጫኑ፣ እጃችሁን ብቻ አሳርፋችሁ እንደገና ፈግ ፈግ አድርጉት። ጥፍራችሁን አስኪዱበት፤ ጥፍር የማያነቅፈው ከሆነ ደርሷል።

ቀጥሎ ያለውን ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። የሥር ቀለም። ሜታሊክ ቀለም፣ በተለይ የሚካው፣ ሥሩን ያሳያል። አይሸፍንም። ነጭ ላይ ብትቀቡት አራት አምስት እጅ ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ ነጣ ብሎ ይቀራል። ይቺን ካርቶን እዩልኝ። አራት ቀለም በሰንበር ተቀብቶባታል፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ የሸክላ ቀይ፣ ጥቁር። በሁሉም ላይ በአግድም አንድ መስመር ወርቅማ ቀለም አለፈበት። አንድ ብሩሽ፣ አንድ ጊዜ። ነጩ ላይ ያለው መስመር የለም ማለት ይቻላል። ቢጫው ላይ ፀሐያማ ነው። ቀዩ ላይ ሞቅ ብሎ አሮጌ ወርቅ መስሏል። ጥቁሩ ላይ ጠለቅ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ብረት ሆኗል። አራት የተለያየ ወርቅ ከአንድ ጠርሙስ!

ቀዩ የኔ ምርጫ ነው። አዲስ ፈጠራም አይደለም። የወርቅ ቅጠል የሚለብጡ ባለሙያዎች ለዘመናት ከወርቁ ሥር ቀይ ሸክላ አፈር ሲቀቡ ኖረዋል። የድሮ የሥዕል ፍሬም ጠርዙ ሲፈገፈግ ብቅ የሚለው ቀይ እሱ ነው። ለብርማ ቀለም ግራጫ ሥር ጥሩ ነው። ለመዳብማ ቡናማ። እንደዚህ ዓይነት ካርቶን ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ከማንኛውም ምክር ይጠቅማችኋል።

አሁን ብሩሽ። ጠርሙሱን ከመቅዳታችሁ በፊት ሥሩን እዩ። ስንጣሪው ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል። ላይ ላዩን ብቻ ከቀዳችሁ የምትቀቡት ወተት መሳዩን ፈሳሽ ነው። ጠፍጣፋ እንጨት አስገብታችሁ ከሥሩ ቀስ ብላችሁ አማስሉት። ውሃ ነኩን አትናጡት፤ አረፋው ዕቃው ላይ ይፈነዳና ጉድጓድ ይተዋል። ስትሠሩም በየመሃሉ ደግማችሁ አማስሉ።

ብሩሹ ለስላሳ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለውና ጠፍጣፋ ይሁን። ሻካራ ብሩሽ መስመር ይተዋል፤ ስንጣሪው ደግሞ መስመሩን ተከትሎ ይሰለፋል። ከዚያ መስመሩ ባይጎረብጥ እንኳ ይታያል። ውሃ እያበዛችሁ አታቅጥኑ። ቀለሙን አያይዞ የሚይዘው ነገር ይሳሳና ሲደርቅ ይረግፋል። ማቅጠን ከፈለጋችሁ ለአክሪሊክ የሚሸጠውን ማቅጠኛ ተጠቀሙ።

እንዲህ ነው። ቀለሙን መጀመሪያ ወለሉ ላይ አዳርሱት። እንደፈለጋችሁ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም። ከዚያ ሳይደርቅ፣ ብሩሹን ከቀለም ጠረግ አድርጋችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፉት። ሳትጫኑ። ጫፍ ስትደርሱ አንሱ። ቀጣዩን መስመር ከዚያው ከጀመራችሁበት ጎን ጀምሩ። ጨረሳችሁ? እጃችሁን ሰብስቡ።

ይህን «እጃችሁን ሰብስቡ» የምለውን በደንብ ስሙኝ። ቀለሙ ሲደርቅ ውሃው ይተናል፤ ንብርብሩም ይሳሳል። ሲሳሳ ስንጣሪዎቹን ወደ ታች ይጫናቸዋል። ያስተኛቸዋል። ሥራው እየተሠራላችሁ ነው። ግማሽ ሲደርቅ «እዚህ ጋ ሳስቷል» ብላችሁ ብሩሽ ከመለሳችሁ የተኙትን ትቀሰቅሳላችሁ። ያ ጭቃ ሳጥን ላይ ያለው ጥፋት በዋናነት ይኸው ነው። ተነካክቶ ተነካክቶ ነው እንዲያ የሆነው። የሳሳውን ሁለተኛው እጅ ይሸፍነዋል። ወፍራም አንድ እጅ ከመቀባት ስስ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይሻላል። በወፍራሙ ውስጥ ስንጣሪው መገላበጫ ቦታ ያገኛል።

ስፕሬይ ለምትወዱ ደግሞ አጠር አድርጌ። ጣሳውን በደንብ ናጡት፤ ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላም ቢያንስ አንድ ደቂቃ። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ራቁ። መርጨቱን ከዕቃው ውጪ ጀምሩ፤ አልፋችሁም ውጪ ጨርሱ። በጣም ከራቃችሁ ቀለሙ አየር ላይ ይደርቅና ስንጣሪው እንደወደቀ ይቀራል፤ አሸዋ የመሰለ ግራጫ ይሆናል። በጣም ከቀረባችሁ ይንሳፈፍና ደመና ደመና ይሠራል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ለሌላ ቀን አቆዩት። ውጪ ወይም በር ተከፍቶ ሥሩ። የአቧራ ማስክ የማሟሟያ ትነትን አያቆምም፤ ለትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን እኔ ከሁሉም የምወደውን ላሳያችሁ። ይህ ቅርጽ የወጣበት ፍሬም ነው። ቅጠልና ሐረግ አለበት። በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀብቼው ደርቋል። ወርቁን በደረቅ ብሩሽ ነው የምናስገባው።

አጭርና ጠንከር ያለ ብሩሽ ያዙ። እርጥበት እንዳይኖረው። ጫፉን ብቻ ቀለሙ ውስጥ ነከር። አሁን ወረቀት ላይ ጥረጉት። ገና ነው። ጥረጉ። ወረቀቱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር እስከሚጠፋ ድረስ። «ታዲያ ምን ቀረለት?» ትሉኝ ይሆናል። በቂ ነው። ብሩሹን ጋደም አድርጌ ቅጠሎቹ አናት ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደዋለሁ። ምንም የለም። እንደገና። አሁንም የለም። አሁን፣ አያችሁ፣ የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ብልጭ አለ። መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ጅማትም ወጣች። ጥልቁ ቦታ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። አራት አምስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ከጥቁሩ ሥር ብረት ያለ፣ እጅ ሲፈገፍገው የኖረ ይመስላል።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ማቆም ነው። ጥሩ እየመጣ ሲሄድ እጅ አልታዘዝ ይላል። እኔ «ትንሽ ይቀረዋል» ብዬ ሳስብ ነው የማቆመው። ሲያንስ መጨመር ይቻላል፤ ሲበዛ ግን ጥቁሩን መመለስ የለም። በዝቶባችሁ ከሆነ አንድ መላ አለ። ቡናማ ቀለም በውሃ በጣም አቅጥናችሁ ቅርጹ ላይ አፍስሱትና ወዲያው በጨርቅ ጥረጉት። አናቱ ላይ ያለው ይጠረጋል፤ ጥልቁ ውስጥ ያለው ይቀራል። መልሶ ጥላ ይሰጠዋል።

ብሩሽ የማይመቸው ሰው ሰም አለለት። ወርቅማ ዱቄት የተቀላቀለበት ሰም በትንሽ ቆርቆሮ ይሸጣል። በጣት ነው የሚቀባው። ለጠርዝ ግሩም ነው። ከሰም በላይ ግን ውሃ ነክ ቫርኒሽ አይዝም፤ ስለዚህ የመጨረሻ ሥራ አድርጉት።

ቫርኒሽ ካልኩ ዘንድ ይህ ነገር ብዙ ክርክር አለበት። «ሁልጊዜ ቫርኒሽ ቀቡ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ናስ ከሆነ አዎ፣ ግድ ነው፤ ካልተሸፈነ ይጠቁራል። ሚካ ከሆነና ዕቃው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ባትቀቡትም ይኖራል። መስታወት መሳይ ክሮም ስፕሬይ ከሆነ ደግሞ ቫርኒሹ ያጠፋዋል። እዚያ ላይ ስንጣሪው ተንሳፍፎ ላይኛው ገጽ ላይ ነው የሚተኛው። የቫርኒሹ ማሟሟያ ሲነካው ይረበሽና ግራጫ ይሆናል። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ደግሞ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሜታሊክ ላይ አትቀቡ። ማት የሚያደርገው ብርሃን የሚበትን ደቃቅ ዱቄት ውስጡ ስላለ ነው። ብልጭታ ለማምጣት ስትለፉ ውላችሁ በመጨረሻዋ ሰዓት ማጥፋት ምን ይሉታል?

ምን ያህል ወርቅ ይብቃ ለሚለው ሕግ የለኝም። አስተያየት ግን አለኝ። ዕቃውን በሙሉ ወርቅ ከቀባችሁት ዓይን ማረፊያ ያጣል። ማሰሮው ባለበት ቀርቶ አፉ ላይ አንድ ቀለበት ቢዞርበት ወርቁ ይናገራል። የሳጥኑ ውጪው ጥቁር፣ ውስጡ ወርቅ ቢሆን የከፈተው ሰው ይደነቃል። ቀጥ ያለ መስመር ስታወጡ ማስኪንግ ቴፑን ከለጠፋችሁ በኋላ ጠርዙን መጀመሪያ በሥሩ ቀለም ቀቡት። በቴፑ ሥር የሚገባው እሱ ይሆንና ክፍተቱን ይደፍነዋል። ከዚያ ወርቁን። ቴፑን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ንቀሉት፤ መስመሩ እንደ ምላጭ ይወጣል።

ጥያቄ ካለ እንስማ።

ከኋላ ያሉት እናት፣ «ኩባያ መቀባት ይቻላል ወይ?» ነው ያሉት። ውጪውን አዎ። ውስጡንና ከንፈር የሚነካውን ጠርዝ አይንኩት። ከአፉ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበሉ። ጠርሙሱ ላይ «መርዛማ አይደለም» ቢልም ለምግብ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ለሸክላና ለብርጭቆ የተሠራ ቀለም አለ፤ በኦቨን የሚጠነክር። ብዙዎቹ 150 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ። ኩባያውን ኦቨኑ ሳይሞቅ ነው የሚያስገቡት፤ አብሮ እንዲሞቅ። ሲያልቅም ኦቨኑ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ድንገት ከወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንተስ? «ደርቋል ብዬ ሳስቀምጠው ወረቀት ተጣበቀበት።» አየህ፣ አክሪሊክ በግማሽ ሰዓት ሲነኩት ደረቅ ነው። ውስጡ ጠንክሮ ለማለቅ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ድረስ አትጠቅልለው፤ ላዩ ላይ ዕቃም አታስቀምጥበት።

«የወርቅ ቅጠልስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱ ቀለም አይደለም። ተቀጥቅጦ የአንድ ማይክሮን አንድ አሥረኛ ገደማ የሆነ ወርቅ ነው፤ ትንፋሽ ያበረዋል። ርካሹ ቅጠል ናስ ነው፤ ወፈር ስለሚል ለጀማሪ ይመቻል። ልዩ ኮላ ትቀቢና ጣት ላይ ያዝ ሲያደርግ ግን ሳያረጥብ ሲቀር ቅጠሉን ታሳርፊበታለሽ። ናሱን ከዚያ በቫርኒሽ ትሸፍኚዋለሽ፤ እውነተኛው ወርቅ ግን አይጠቁርም። ስንጣሪ የለው፣ አንድ ወጥ ገጽ ነው። ለዚህ ነው የትኛውም ቀለም የማይደርስበት።

ብሩሽ ማጠብን የጠየቅሽው፣ መጀመሪያ በወረቀት በደንብ ጥረጊው። ለሜታሊክ የራሱ የውሃ ዕቃ ይኑርሽ። ያ ብልጭልጭ ውሃ ሌላ ብሩሽ ውስጥ ከገባ የሚቀጥለው ነጭ ሥራሽ ላይ ያገኝሻል።

የመጨረሻ። «ወርቁንና ብሩን መቀላቀል ይቻላል?» ይቻላል፤ ሁለቱም ውሃ ነክ ወይም ሁለቱም ዘይት ነክ ከሆኑ። ወርቅ ላይ ጥቂት ብር ስትጨምር ነጭ ወርቅ ይወጣል። መዳብ ስትጨምር ሮዝማ። ተራ ቀለምም ጠብታ መጨመር ትችላለህ፤ ከጠብታ ካለፈ ግን ስንጣሪውን ይሸፍነዋል። ስትቀላቅል ለጠቅላላው ዕቃ የሚበቃህን በአንድ ጊዜ አዘጋጅ፤ ትንሽም ይትረፍህ። ክዳኑ ላይ ከየትኛው ስንት ማንኪያ እንደገባ ጻፍበት። ነገ አንድ ጥግ ሲጫርብህ ያንኑ መልክ በግምት ማግኘት ከባድ ነው።